የቡሬው ችካል

ጭብጨባው ሲነሳ አረጋ ለማን እንደሆነ አልሰማም ነበርና እሱም አብሮ አጨበጨበ። ደጋግሞ ካጨበጨበ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ ማዞሩን ያየው።

«ይነሱ እንጂ አቶ አረጋ፤ ይነሱና ሕዝቡ ይይዎት» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ተክለ ሚካኤል ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ።

አረጋ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፣ ደግሞ አወለቀው። ከጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠው የልማት ሠራተኛ ቃለሕይወት፣ ዘንድሮ ከኮሌጅ የወጣ ለጋ ልጅ፣ ያልሰማ ካለ ይስማ ብሎ እንደገና አነበበለት፤ አቶ አረጋ፣ ሁለት የእርሻ በሬ፣ አንድ የምትታለብ ላም፣ ራሱን የቻለ አባወራ፣ ከመጪው ጥር ጀምሮ ከሴፍቲኔት እህል ተመርቆ የሚወጣ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለው ልጁ ከልቡ።

አረጋ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» ብሎ ተቀመጠ። ልማድ ሆኖበት አፉ ነው ያለው። ነገሩ የገባው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ዕለቱ አቦ ነበር። ኅዳር ገብቶ ገብሱ ደርሷል፣ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው፤ ታዲያ በአቦ ቀን ማጭድ የሚነካ፣ ነዶ የሚሸከም በዚያ አገር የለም። ቀበሌው ይህን አሳምሮ ያውቃል። በሥራ ቀን ቢጠራ ማንም ስለማይመጣለት ስብሰባ የሚጠራው በበዓል ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱ ማስታወቂያውን ይናገሩና ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በቀጥታ ወደ ትልቁ ወይራ ሥር ይወርዳል። ስብሰባ መቀመጥ በዓል ይሽር አይሽር እንደሆነ እስካሁን የጠየቀ የለም። ቢጠየቅም ስብሰባ ድካም እንጂ ሥራ አይደለም የሚል መልስ ሳይገኝለት አይቀርም።

እህሉ ደግሞ ለአረጋ ቤት የመኖርና ያለመኖር ነገር ነበር። ከጥር እስከ ሰኔ ከሚስቱ ከይማርሽ ጋር ተራራው ላይ ድንጋይ እየተሸከመ እርከን ይሠራል፤ በሠራበት ስንዴ ይሰፈርለታል። ከማሳው የሚያገኘው ገብስ ደግ ዓመት ሲሆን እስከ ሚያዝያ ይወስደዋል። ዘንድሮ ግን በመስከረም የወረደው በረዶ ግማሹን አራግፎበት ከጥምቀት ማዶ መድረሱም ያጠራጥራል። ስንዴው ከቀረ ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ምን እንደሚያበላ አያውቅም። ይህን ሚስቱ ታውቃለች፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ በሬው ራሱ ሳያውቅ አይቀርም።

በሬው ማለታችን አንዱን ነው። ከሁለቱ በሬዎች የአረጋ ቀዩ ብቻ ነው። ቡሬው የጎረቤቱ የውባንቺ ነው። በላስታ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይሉታል። ውባንቺ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሞፈር የሚይዝላት ሰው ስለሌላት ማሳዋን የሚያርስላት አረጋ ነው፤ በዚያ ፈንታ ቡሬው ለእሱም ይውልለታል። ቤቷ ከጎጡ ጫፍ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ጅቡም ሌባውም በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቡሬው የሚያድረው አረጋ ግቢ፣ ከቀዩ ጎን በተተከለለት ችካል ታስሮ ነው። ጎጡ ሁሉ ይህን ያውቃል።

የማያውቁት የመጡት ባለፈው እሑድ ነው። ደግሰው የሚባለው የታችኛው ጎጥ ገበሬ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ የአረጋን ልጅ ንጋትን ለልጁ ለአለሜ ሊጠይቅ መጣ። አለሜ ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራይ ደህና ልጅ ነው። ንጋትም አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሃያ ዓመቷን የያዘች ናት፤ አለሜን ትወደዋለች፣ ይህንንም ለእናቷ ሳታፍር ነግራታለች። የቀረው የወላጆች ነገር ነው። በዚያ አገር ሁለቱ ወገን ለልጆቹ የሚጥለው እኩል ነው፤ አንዱ «በሬ» ካለ ሌላውም «በሬ» ይላል። ደግሰው «በሬ» አለ። ይህን ሲልም ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ጭድ የሚያላምጡትን ሁለቱን በሬዎች እያየ ነበር። አረጋም «በሬ በበሬ» አለ። ሠርጉ የሚሆንበት ጥር ሩቅ መስሎት፣ እስከዚያ እግዜር ያውቃል ብሎ።

ቡሬው የሰው ነው አላለም። የእኔ ነውም አላለም። ችግሩ ያን ጊዜ ቃለሕይወት ሻንጣውን በትከሻው አንግቦ የየቤቱን ከብት እየመዘገበ ከደጅ ብቅ ማለቱ ነው። ሁለቱም የእርስዎ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። እንግዶቹ የጠላ ዋንጫቸውን እንደያዙ መልሱን ይሰማሉ። አረጋ «እግዜር የሰጠን ነው» አለ። ልጁ ጻፈ።

አሁን ወይራው ሥር ተቀምጦ ያንን ቃል በልቡ ደጋግሞ አኘከው። አንዴ እግሩን ይዘረጋል፣ አንዴ ይሰበስባል። ነፋሱ ከተራራው እየወረደ ጋቢ ያስከናንባል፤ እሱ ግን ያልበዋል። ቢናገር ንጋት ትቀራለች፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው በሬ ሊሰጥ አይችልም። ዝም ቢል ስንዴው ይቀራል። ሦስት ረድፍ ፊት ለፊቱ የደግሰው ሰፊ ጀርባ በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ ይታየዋል። በሴቶቹ በኩል ይማርሽ አንገቷን ደፍታ መሬት በጣቷ ትጭራለች፤ ከአጠገቧ ውባንቺ ተቀምጣለች።

ከኋላው ያለው የጎጡ ሰው ምስጋኑ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ዝም ልትል ነው?»

«ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ የቤትህን ነገር አንተ ታውቃለህ» አለና ምስጋኑ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የጎጡ ሰው ነገሩ እንዲህ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የሰው ጋብቻ አፈረሰ ተብሎ እስከ ልጅ ልጁ ስሙ እንዲነሳ የሚፈልግ የለም።

ተክለ ሚካኤል የቀሩትን ተመራቂዎች አስነብቦ ሲያበቃ ስለ ልማት ሠራዊት ረዘም አድርጎ ተናገረ። ቀበሌው ዘንድሮ ብዙ ሰው እንደሚያስመርቅ በወረዳው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ቃል የገባው እሱ ራሱ ነው፤ ማንም አላስገደደውም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡት የሌላ ቀበሌ ሊቃነ መናብርት ከፍ ያለ ቁጥር ሲጠሩ እሱ ማነስ አልሆነለትም። ክፉ ሰው አልነበረም። ከተናገረ በኋላ ቅሬታ ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጠይቆም ሳይቆይ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

የአረጋ እጅ ወጣ። እሱ ያወጣው አልመሰለውም።

ተነስቶ በረዶውን ተናገረ። ገብሱ ሜዳ ላይ መቅረቱን፣ ልጆች እንዳሉት፣ ለአንድ ዓመት እንኳ ቢቆይለት እንደሚሻል በትሕትና አስረዳ። ስለ በሬው ምንም አላነሳም። በረዶው ብቻውን ያድነኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሊቀ መንበሩ በትዕግሥት ሰማውና በረዶው የመታው ሁሉንም እንደሆነ፣ ሁሉም ግን ጥንድ በሬ እንደሌለው መለሰለት። ጥንድ በሬ ያለው ሰው እህል ከጠበቀ አንድ እንኳ የሌለው ምን ይሁን አለ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ነው።

ያኔ ደግሰው ተነሳ። የወደፊት አማቹን ሊያከብር፣ አደባባይ ላይ ስሙን ከፍ ሊያደርግለት ነው የተነሳው።

«የአረጋን ቤት እኔ ሄጄ አይቻለሁ» አለ ጋቢውን እየሰበሰበ። «ደጃፉ ላይ ሁለት በሬ ቆሞ አይቻለሁ፤ ያውም የጠገበ በሬ። በረዶ መታኝ የሚለው ከትሕትናው ነው እንጂ ሰውየው ቤቱ ሙሉ ነው። እኔማ ልጄን የማጋባው ከእንዲህ ያለ ቤት ጋር ነው።»

ሰው በደስታ አጉረመረመ። አረጋ በሞገስ ሲቀበር ዓይኑ እያየ ነው። መቀመጥም መቆምም ጠፋው፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይጨምቃል።

ሊቀ መንበሩ ነገሩን ለመቋጨት ወደ ሴቶቹ በኩል ዞረ። «እትዬ ውባንቺ፣ እርስዎ ጎረቤት ነዎት። የሚሉት ካለ።»

ውባንቺ ቀስ ብላ ተነሳች። ሃምሳ ያለፋት፣ በእርከኑ ሥራ ከወንዱ እኩል ድንጋይ የምትሸከም፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ወደ አረጋ አላየችም። ወደ ደግሰው አየች፤ ከዚያ አንገቷን ወደ ደፋችው ወደ ይማርሽ። ነጠላዋን እስከ አፏ ሳብ አደረገች።

«በሬዎቹ እዚያው ነው የሚያድሩት» አለች። «ሁለቱም።»

ተቀመጠች። ውሸት አላወራችም። ግን አረጋ ምን እንዳደረገች ገባው። መላው ቀበሌ በሰማበት በሬዋን ለቀቀች። ያለ ባል ስትቀር ዘመድ መሬቷን ሊነጥቃት ሲመጣ ፍርድ ቤት የቆመች ሴት፣ ያቺን አንዲት ሀብቷን ለንጋት ብላ ዝም አለችባት። ነገ እሱ ቢሞት ቡሬው የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የዛሬዋ ቃሏ ይጠቀስባታል። ይህን ሳታስብ አልተናገረችም፤ ውባንቺን ያውቃታል። አፈረ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያፈረበት ቀን ትዝ አላለውም።

«ቡሬው የእትዬ ውባንቺ ነው» አለ።

ድምፁ ከሚገባው በላይ ወጣ። የደግሰው ጀርባ እንዳለ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። ተክለ ሚካኤል የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋ።

«የመቀናጆ ነው?»

«የመቀናጆ ነው። የእኔ ቀዩ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድም እንግዶቹ ሲያዩኝ አልተናገርኩም።»

ቃለሕይወት እስከ ጆሮው ቀላ። «እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር፣ አባቴ።»

«ጠይቀኸኛል ልጄ። መልሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ከጎጡ ሰዎች መካከል አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሳምንቱን ሙሉ ይዞት የከረመ ትንፋሽ ይመስላል። አረጋ ቀለል አለው። ንጋት ቀረች፤ ቢያንስ ግን ስንዴው ተረፈ፣ ቡሬውም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ለአንድ ቀን ይበቃል ብሎ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

ተክለ ሚካኤል ግን አልጨረሰም። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ያስብ ጀመር። የተመራቂው ቁጥር ለወረዳው ተነግሯል፤ ከዝርዝሩ አንዱ ከወጣ ሌላ መግባት አለበት። በመስፈርቱ ከሄድን ደግሞ፣ አለ፣ በሬው የእትዬ ውባንቺ ከሆነ ባለ በሬዋ እሳቸው ናቸው። በቤታቸው ሌላ አፍ የለም። ማሳም አላቸው።

«እንግዲያ የሚመረቁት እሳቸው ይሆናሉ ማለት ነው» አለ፤ ነገሩ ቀና ሆኖ ስላገኘው ፊቱ ፈታ አለ። «ተቃውሞ አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ተቃውሞ ያለው ሰው ስሙ በምትኩ እንደሚነሳ ሁሉም ስለገባው እጅ የሚባል አልታየም። ውባንቺ ሳትነሳ «ይሁን» አለች። «እኔ ብቻዬን ነኝ። ምን እበላለሁ።»

አረጋ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። በረዶው የእሷንም ገብስ መትቶታል። የእሷን ማሳ ያረሰው እሱ ነው፤ ከዚያ የሚገኘውን በቁና ያውቀዋል፤ እስከ ገና እንኳ አይደርስም። እውነቱን ተናግሮ በሬዋን መለሰላት፤ በመለሰበት አፉ ደግሞ ከእህሉ አስወጣት። ዝም ባለ ጊዜም የተጎዳችው እሷ፣ በተናገረ ጊዜም የተጎዳችው እሷ። ይማርሽን ፈለጋት። ሚስቱ አሁን አንገቷን አቅንታ በቀጥታ ታየዋለች። ምን እንደሚል ከእሱ ቀድማ ያወቀች ይመስላል፤ ዓይኗ ቀይ ነው፣ ግን አልከለከለችውም።

«የእኔ ስም እንደተነበበ ይቆይ» አለ አረጋ።

ሊቀ መንበሩ ግራ ገባው። «አሁን አንድ በሬ ነው ያለኝ አላሉም?»

«አንድ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ በምን መስፈርት እናስመርቅዎታለን?»

«መስፈርቱን አላውቅም። ስሜ ተነቧል፣ ተጨብጭቦልኛል። ይቆይ።»

ተክለ ሚካኤል ወደ ቃለሕይወት አየ፣ ቃለሕይወት ወደ ወረቀቱ። ልጁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሊቀ መንበሩ ግን ቁጥሩ ስላልጎደለ ነገሩን ማብዛት አልፈለገም። የአቶ አረጋ ተነሳሽነት ለሁላችንም አርአያ ነው ብሎ እጁን ለጭብጨባ አነሳ። ጭብጨባው የመጀመሪያውን ያህል አልደመቀም። ደግሰው አላጨበጨበም፤ እጁ ጋቢው ውስጥ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን አረጋ ከሰው ቀድሞ ለመውጣት ቸኮለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ያለውን አቀበት አጋምሶት ሳለ ከኋላው የበትር ድምፅ ሰማ። ደግሰው ነው። እየተነፈሰ ደረሰበትና ጎን ለጎን ጥቂት ሄዱ። አረጋ ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ቢመጣ በተሻለው ነበር።

«በሬ በበሬ ብለን ነበር» አለ ደግሰው በመጨረሻ።

«ብለን ነበር።»

«የሰው በሬ አሳይታችሁኛል። እኔንም አደባባይ ላይ አስመስክራችሁኛል።»

«እውነት ነው። ይቅር በሉኝ።»

ደግሰው መንገዱ ወደ ታችኛው ጎጥ በሚታጠፍበት ቦታ ቆመና በትሩን መሬት ላይ ተከለ።

«ቡሬው ነው ያላችሁት የእሷ?»

«ቡሬው ነው።»

«ደህናውን ነው የተዋሳችሁት» አለ ደግሰው። ቀዩ ከሲታ መሆኑን እሑድ ዕለትም አይቶታል ማለት ነው።

ይህን ብሎ መንገዱን ሊይዝ ዞረ። ተቆጥቶ ይሁን አስቂኝ ሆኖበት ፊቱ አያስታውቅም ነበር። አረጋ እንዲህ በእንጥልጥል ሊለየው አልቻለም፤ ለንጋት የሚነግራት አንድ ነገር ያስፈልገዋል።

«ጌታው» አለ ከኋላው። «እሑድ ኑ። ሽማግሎቹንም ይዛችሁ ኑ። ያለኝን እንዳለ ነው የማሳያችሁ። ካያችሁ በኋላ ልጄን አንፈልግም ብትሉ አልቀየማችሁም።»

ደግሰው ቆሞ ሰማው። «አለሜ እንደሆነ የበሬ ቁጥር ጠይቆኝ አያውቅም» አለ ለራሱ ያህል፤ እመጣለሁም አልመጣምም ሳይል ቁልቁለቱን ወረደ።

አረጋ ከደግሰው ጋር ሲዘገይ ይማርሽ በአቋራጭ ቀድማው ስለገባች፣ ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ይማርሽ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እሳት ትቆሰቁሳለች። ላሊበላ ለሆቴል ሥራ ድንጋይ ጠራቢ ይፈልጋሉ ሲሉ መስማቱን ነገራት፤ ከጥር በኋላ ይወርዳል፣ እስከ ክረምት ይሠራል። «እርከኑን የለመደ እጅ ድንጋይ መጥረብ አያቅተውም» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ጥር ላይ ስንዴ ሲሰፈር አይተን ዝም ማለቱን ግን አንተ ቻለው፣ እኔ አልችልም» አለች።

ወደ ግቢው ወጣ። ንጋት ለበሬዎቹ ጭድ ትበትናለች። ፊቷን አላዞረችም፤ የሰማችውን ሰምታለች። አረጋ ደግሰውን እሑድ ኑ ማለቱን ነገራት፤ ቡሬውን ፈትቶ ገመዱን ለእሷ ሰጣትና ችካሉን ይዞ ወዲያና ወዲህ ያነቃንቀው ጀመር። ዓመት ከመንፈቅ የተተከለ ነውና ቶሎ አልነቀል አለው። እስኪያልበው ታገለ። በመጨረሻ ከነአፈሩ ወጣ።

«ጅቡስ?» አለች ንጋት።

«ከእሷ ደጅ እተክለዋለሁ። ማታ ማታ እዚያው ሄጄ አድራለሁ። በሬውን የሚጠብቀው እኔ እንጂ ግቢዬ አይደለም።»

ንጋት ገመዱን እንደያዘች በባዶ እግሯ አፈር እየገፋች ጉድጓዱን መድፈን ጀመረች። ቀዩ ብቻውን በቆመበት ጉድጓዱ ገላጣ ሆኖ ይታያል፤ ሁለት ችካል የነበረበት ግቢ መሆኑን ከደጅ የገባ ሁሉ ያየዋል።

«እሑድ የሚመጡ ከሆነ ይህ ባይታይ አይሻልም?» አለች።

አረጋ ችካሉን ትከሻው ላይ አደረገ፣ የቡሬውን ገመድ ከእጇ ተቀበለ።

«ተይው» አላት። «እንዳለ ይዩት።»

በሬውን እየጎተተ፣ ሰው ከስብሰባ በሚመለስበት በዋናው መንገድ፣ ወደ ውባንቺ ቤት ሄደ።